ሜዳው ላይ ሰው አለ

አቶ አበጋዝ ወልደሰንበት በቀን አሥራ አንድ ጊዜ የገዛ ድምፃቸውን ከሰማይ ይሰማሉ። የመጀመሪያ ዕለት ደንግጠው አማትበው ነበር። ሰው ግን ምን የማይለምደው አለ? አሁን ጢማቸውን እየተላጩም ይሰሙታል፣ ሽሮ እያማሰሉም ይሰሙታል።

«ቆርኬ ሜዳ፣ እንደምን አደራችሁ። ጭነት ሰባት ነኝ፤ ከምሥራቅ እየመጣሁ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይቀረኛል። ሜዳው ላይ ያላችሁ ንገሩኝ። ቆርኬ ሜዳ።»

የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜ ጥርሳቸው ገና አልወለቀም ነበር። የሚመልስለት ግን የለም። ሜዳው ላይ ያሉት አቶ አበጋዝ ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ መመለስ አይፈቀድላቸውም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስልሳ ስምንት ነው። በአገሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት የአውሮፕላን ማረፊያዎች ሲኖሩ የመቆጣጠሪያ ማማ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ተማሪዎች የሚጎበኙት ነው። ማማዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ማንም አላለቀሰላቸውም። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ሰው አልባ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በራሳቸው መንገድ ይግባባሉ። ድምፅ የሚያወጡት ሕግ ስለሚያስገድዳቸው ነው። በመላው አገሩ አሮጌ አውሮፕላን የሚያበሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ቀርተዋል፤ የእነሱ አውሮፕላን ከሬዲዮ በቀር ሌላ መነጋገሪያ የለውም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ የጋራ መስመር ላይ የት እንዳለና ምን ሊያደርግ እንዳሰበ በሰው ቋንቋ ይናገራል። አዛዥ የለ፣ ታዛዥ የለ። ተነጋግሮ መውረድ ነው።

ለሰው አልባዎቹ ሁሉ ድምፁን የሰጡት አቶ አበጋዝ ናቸው። ጂማ ማማ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ ማማው ሲዘጋ፣ አንድ ድርጅት ጨዋ ድምፅ ያለው ሰው ፈልጎ አገኛቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳው ስፖንጅ በለበሰ ክፍል ሦስት ወር ሙሉ ሲናገሩ ከረሙ። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ሌላ አውሮፕላን ሆና ትጠይቃቸው ነበር።

«አሁን ሁለታችን እኩል ደረስን እንበል» አለቻቸው አንድ ቀን። «ምን ይሉኛል?»

«እርስዎ ይቅደሙ እላለሁ።»

«እኔም እርስዎ ይቅደሙ ብልዎትስ?»

«ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ እላለሁ።»

«ሦስተኛ ጊዜ ብለምንዎትስ?»

አቶ አበጋዝ ሳቁ። «ሦስተኛውንማ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ንቀት ይሆናል። እሺ ካሉ ብዬ እወርዳለሁ።»

«ዝም ብልዎትስ?»

«ዝም ካልሽ ተቀይመሻል ማለት ነዋ! ሦስት እስትንፋስ ያህል እጠብቅና፣ እሺ ካሉ ብዬ እወርዳለሁ።»

መሐንዲሷ እስክትደነግጥ ድረስ ደስ አላት። «ይኼ ነው የአገር ጨዋነት!» ብላ እንዳለ አስገባችው። በሠርግ ቤት በር ላይ «ግቡ፣ ኧረ እርስዎ ይግቡ» እየተባባሉ ሲገፋፉ ያደጉ ሁለት ሰዎች ናቸውና፣ ነገሩ ምንም አላሰጋቸውም። ምድር ላይ የተግደረደረ ቢበዛ ጦሙን ያድራል። ሰማይ ላይ የተግደረደረ ምን እንደሚሆን ያሰበ አልነበረም።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አቶ አበጋዝ ጂማ ቤታቸው መቀመጥ አቃታቸው። ሕጉ እያንዳንዱ ሜዳ አንድ ሰው ይኑረው ስለሚል፣ ማንም የማይፈልገውን ቆርኬ ሜዳን ራሳቸው ጠይቀው መጡ። መንደሩ ወደ መኪናው መንገድ ዳር ከሄደ ስምንት ዓመቱ ነው። ጭነቱን ሹፌር የሌላቸው ጋሪዎች ይወስዱታል። የእሳቸው ሥራ ሣር ማጨድ፣ ከርከሮ ማባረር፣ ንፋስ የሚያሳየው ቀይ የጨርቅ ከረጢት ሲቀደድ መጣፍ፣ በአንገታቸው ባንጠለጠሏት ሬዲዮም መስማት ነው። የሌላ ሜዳ ጠባቂዎች ከብት ሲገባ በሬዲዮ ይናገራሉ። የአቶ አበጋዝ ሬዲዮ መናገሪያ ቁልፍ ግን በቆርቆሮ ማኅተም ታሽጓል። በዚህ ድምፅ የሚናገር ሁሉ ለሰው አልባዎቹ አውሮፕላን ነውና፣ እሳቸው «እንደምን ዋላችሁ» ቢሉ ሰማዩ ላይ አንድ የሌለ አውሮፕላን ይጨመራል። ማኅተሙን የሰበረ ቤቱንም ሥራውንም ይለቃል ይላል የፈረሙት ወረቀት። በአገሩ ሰው ሁሉ በራሱ ድምፅ ይናገራል፤ የእሳቸው ብቻ ተይዟል። ይህንን ሲያስቡት አንዳንዴ ይስቃሉ፣ ብዙውን ጊዜ ግን አይስቁም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ሲሆን ካፒቴን ትርንጎ ትመጣለች። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ናት፤ የከብት ክትባት ታመላልሳለች። ሬዲዮ ላይ መናገርን ያስተማሯት አቶ አበጋዝ ናቸው፣ በልጅነቷ፣ ጂማ። ከጂማ ትኩስ ዳቦ ታመጣለች፣ እሳቸው ሻይ ያፈላሉ፣ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ ትሄዳለች። ሳምንቱ ማለት ያቺ ሃያ ደቂቃ ናት። ሰኞ ማታ ሸሚዛቸውን ያጥባሉ፤ ረቡዕ ያለችውን እያስታወሱ ብቻቸውን ይስቃሉ፤ ከሐሙስ በኋላ ያለው ቀን እንዲሁ ይገፋል።

«እርስዎ እኮ አያሳርፉኝም ጋሼ» ትላቸዋለች ሁልጊዜ። «ሰማይ ላይ እርስዎ፣ ምድር ላይ እርስዎ። ትናንት አንዱ ጭነት በእርስዎ ድምፅ ይቅደሙ ሲለኝ፣ አንተ ቅደም ልለው አፌ እንቢ አለኝ። እርስዎ ብዬ ለማሽን ተሽቆጠቆጥኩ፣ ያውቃሉ?»

«አበጀሽ። አሳዳጊሽን አላሳፈርሽም» ይላሉ አቶ አበጋዝ፤ ደስ ይላቸዋል።

የየካቲት ሁለተኛ ማክሰኞ ትርንጎ ዘገየች። አርብቶ አደሮች ለአዲስ ሣር ብለው አሮጌውን ያቃጠሉበት ሰሞን ስለነበር ጭሱ በሜዳው ዙሪያ ተኝቷል። ንፋስ የለም፤ ቀዩ ከረጢት ግንዱ ላይ ተጣብቋል። ንፋስ ከሌለ ከየትኛውም ጫፍ መውረድ ይቻላል። አቶ አበጋዝ በማኮብኮቢያው ወገብ ላይ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ሣሩ ውስጥ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው ሰጡ። አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀር መጀመሪያ የገዛ ድምፃቸው መጣ።

«ቆርኬ ሜዳ፣ እንደምን አደራችሁ። ጭነት ሰባት ነኝ፣ ከምሥራቅ፣ ሦስት ደቂቃ ይቀረኛል። ለሆስፒታል የሚሄድ ደም ይዣለሁ። ቆርኬ ሜዳ።»

«ቆርኬ ሜዳ፣ ትርንጎ ነኝ፣ ከምዕራብ፣ እኔም ሦስት ደቂቃ። ጭሱ አዘግይቶኝ ነው። እርስዎ ይቅደሙ።»

አቶ አበጋዝ ፈገግ አሉ። ዳቦው መጣ ማለት ነው።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ ጭነት ሰባት።

«ኧረ ደም ይዘው! እርስዎ ይቅደሙ፣ እኔ አልቸኩልም።»

«በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ሁለት ጊዜ እንቢ አለ። አቶ አበጋዝ ፈገግታቸው ደረቀ። አሁን ትርንጎ ሦስተኛውን መለመን አለባት፤ ወይም ቶሎ እሺ ማለት አለባት። እሷ ግን ዝም አለች። ምን እያሰበች እንደሆነ ፊቷን ያዩ ያህል አወቁት፦ ጋሼ ሁለት ጊዜ ለምነውኛል፣ ሦስተኛ ከማስለመን እሺ ልበል ይሆን? እንዲህ አድርገው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ማሽኑንም እንዲሁ።

አንድ እስትንፋስ።

«ተናገሪ ልጄ፣ ተናገሪ» አሉ ለራሳቸው።

ሁለት።

በሦስተኛው ሬዲዮው ሲጥ አለ። ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነበር፣ ወዲያው ቆመ፣ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሬዲዮ የማያውቅ ሰው ብልሽት ይለዋል። አቶ አበጋዝ ግን አርባ ዓመት ሰምተውታል፦ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር መስመሩ የሁለቱንም ቃል ይበላና ጩኸት ብቻ ይተፋል። ተናጋሪዎቹ አንዱ የአንዱን አይሰማም፤ እያንዳንዱ የተናገረ እሱ ብቻ ይመስለዋል። ከጩኸቱ ሥር ምን እንዳለ ለማወቅ መስማት አላስፈለጋቸውም። በምሥራቅ በኩል «እሺ ካሉ» ተብሏል፤ በምዕራብ በኩልም «እሺ ካሉ» ተብሏል። ሁለቱም እየወረዱ ነው፣ በአንድ አስፋልት ላይ፣ ፊት ለፊት።

ማኅተሙን በቀሩት ጥርሶቻቸው ገነጠሉት። ቆርቆሮው ከንፈራቸውን ቀደደው። ምን እንደሚሉ ግን ቸገራቸው። አቶ አበጋዝ በጋራው መስመር ላይ ዋሽተው አያውቁም፤ ማማ ላይ የሌለ ነገር አለ ማለት ነፍስ ማጥፋት ነው ተብለው ነው ያደጉት። ስለዚህ መጀመሪያ ሮጡ። በስልሳ ስምንት ዓመት ጉልበታቸው ሣሩን ጥሰው አስፋልቱ መሀል ሲደርሱ ነው ቁልፉን የተጫኑት።

«ቆርኬ ሜዳ! ሜዳው ላይ ሰው አለ! ማንም እንዳይገባ! ሰው አለ እኮ ነው የምላችሁ! ወደ ቀኛችሁ ዞር በሉ፣ ሁለታችሁም! አንቺ ደንቆሮ፣ ዞር በይ!»

«ሰምቻለሁ፣ ሜዳው ላይ ሰው አለ» አለ ጭነት ሰባት ሳይደነግጥ። «እመለሳለሁ።»

ከምሥራቅ ከጭሱ ውስጥ ነጭ ሆድ ብቅ አለና በላያቸው ሽቅብ ወጣ፤ ባርኔጣቸውን ይዞት ሄደ። ከምዕራብ የትርንጎ ትንሿ አውሮፕላን እያጓራች ወደ ቀኟ ተጋደመች። ጎማዎቿን ቁልጭ አድርገው አዩአቸው። ከዚያ ሰማዩ ባዶ ሆነ፣ አቶ አበጋዝም አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ጭነት ሰባት ዞሮ ወርዶ ደሙን አራግፎ ሄደ። ትርንጎ ከእሱ በኋላ ወረደች። ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ከመቀመጫዋ ለመነሳት ብዙ ቆየች። ስትመጣ ዳቦውን ታቅፋ ነበር፤ ጨምቃው ቂጣ አስመስላዋለች።

«የቅድሙ እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

«ደንቆሮ አሉኛ!» አለች። ሳቅና ልቅሶ አብረው መጡባት። «ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ድምፅ ይቅደሙ፣ ይለፉ፣ እንደምን አደሩ ሲሉኝ ኖረው፣ ማን ነው ደንቆሮ የሚለኝ? እነሱ መሳደብ መቼ ያውቃሉ? ይኼማ ሰው ነው አልኩ። ሰው ነው ስል እጄ መሪውን ሳበው።»

«ይቅር በይኝ የኔ ልጅ። አፌ እንዲህ አልነበረም።»

«ኧረ ምነው ዘወትር በሰደቡኝ!»

ሻይ ፈላ፤ ማንም አልጠጣውም። ትርንጎ የከንፈራቸውን ደም በመሐረቧ ጠረገችላቸው፤ ከዚያ የተገነጠለውን ቆርቆሮ ከመሬት አንስታ አገላበጠችው።

«ጂማ እንዲህ ያለ ማኅተም የሚሠራ ሰው አውቃለሁ» አለች። «ማክሰኞ አመጣልዎታለሁ። ማንም አይጠይቅም።»

«የዛሬው ተሰምቷል። አውሮፕላኖቹ የሰሙትን ሁሉ ያስቀምጣሉ።»

«አንድ አውሮፕላን ሌላውን ተሳደበ ብሎ ማን ይጠይቃል? ካልነገሩ አያውቁም።»

«ካልነገርኩ ደግሞ ጥፋቱ እንዳለ ይቀመጣል። አሥራ ሁለት ናችሁ፤ አሥራ ሁለታችሁም በወግ ያደጋችሁ ናችሁ። ዛሬ እኔ ሜዳው ዳር ቆሜ፣ ያቺን ሲጥታ ሰምቼ ነው። ሌላው ሜዳ ላይ ማን ይሰማታል?»

«ጋሼ፣ ከነገሯቸው እኮ እነሱን አያስተካክሉም። እኛን ነው የሚያወርዱን። ይኼ ይቀልላቸዋል።»

አቶ አበጋዝ ይህን ያውቁ ነበር። ከእሷ በፊት አስበውታል፤ ሮጠው አስፋልቱ ላይ ቁጭ ባሉበት ቅጽበት አስበውታል። ትርንጎ አየቻቸው።

«ማክሰኞስ?» አለች ቀስ ብላ።

አቶ አበጋዝ የተጨመቀውን ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሰጧት። እሷም ተቀበለቻቸው፣ ሳትግደረደር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን በእጃቸው ጻፉ። ሦስት ጊዜ ጀምረው ሦስት ጊዜ ቀደዱ። አራተኛው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ስለ ሦስቱ እስትንፋስ፣ ስለ ማኅተሙም ሳይደብቁ ይናገራል። ላኩት።

መልሱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣ። ትሕትና የተሞላበት ደብዳቤ ነው። ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን፣ ከሥራዎ አይነሱም፣ ይላል። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ግን ሰው የሚያበራቸው አውሮፕላኖች ማማ በሌላቸው ሜዳዎች ላይ እንዳያርፉ፣ ለራሳቸው ደህንነት ሲባል፣ ተወስኗል። ከድምፅዎ ውስጥ አዲስና ጠቃሚ ነገር ስለተገኘም በድጋሚ እናመሰግናለን። አንድ ሠራተኛ መጥቶ የሬዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ ነቀለና ቀዳዳውን በፕላስቲክ ደፈነው። ሻይ ቢሉት ጊዜ የለኝም አለ።

ትርንጎ በመጨረሻው ማክሰኞ መጥታ ሃያውን ደቂቃ አንድ ሰዓት አደረገችው። ስለ ደብዳቤው አላነሳችም። ስትነሳ በጋራው መስመር ላይ፣ «ቆርኬ ሜዳ፣ ትርንጎ ነኝ፣ ለመነሳት ዝግጁ ነኝ። ደህና ይሁኑ ጋሼ። ቆርኬ ሜዳ» አለች። የተነቀለው ቁልፍ ቦታ ላይ አውራ ጣታቸውን ተጭነው፣ «ደህና ሁኚ፣ ልጄ» አሉ። ጭሱ ጠፍቶ ስለነበር እስክትሰወር ድረስ አዩአት።

ትርንጎን ከበረራ አውርደው ጂማ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ሰጧት። መጀመሪያ በየማክሰኞው ትደውል ነበር። የምታወራላቸው ስለ ቢሮ ነው፤ እሳቸው ስለ ከርከሮ ያወራሉ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ ለበዓል። አልተቀየሟትም። በሬዲዮ የኖረ ሰው ስልክ ላይ ቃል ያጥረዋል፣ ያውቁታል።

ነገሩ የሆነው ግን መደወሏ ገና ሳይሳሳ ነው፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ማክሰኞ። እንደ ልማዳቸው ሁለት ብርጭቆ አውጥተው አንዱን መለሱት። ሦስት ሰዓት በጸጥታ አለፈ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሬዲዮው ተነፈሰ።

«ቆርኬ ሜዳ! ሜዳው ላይ ሰው አለ! ማንም እንዳይገባ!»

አቶ አበጋዝ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሮጡ። ሜዳው ላይ ማንም የለም። ከርከሮ እንኳ የለም። ድምፁ የእሳቸው ነው፤ የሃምሳ ዓመቱ ጎልማሳ አይደለም፤ ጥርሱ የወለቀው፣ ሩጫ ትንፋሹን የቆረጠው ሽማግሌ ነው። ከምሥራቅ ጭነት ሰባት እየወረደ ነበር። እንደምን አደራችሁ የለ፣ እርስዎ ይቅደሙ የለ።

ቀስ ብሎ ገባቸው። በዚያች የየካቲት ቀን ያች ቃል ሁለት አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ከሜዳ አስለቅቃለች። ከእሷ የሚሻል ቃል በአገሩ ሁሉ አልተገኘም። ስለዚህ አሁን ሊወርድ የፈለገ ሰው አልባ ሁሉ ሜዳው እንዲለቀቅለት እሷን ይላል። ሰማዩ ሲጠራ የሩቆቹም ይሰማሉ፦ ዋርካ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ሰው አለ። ጨፌ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ሰው አለ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜዳ፣ ቀኑን ሙሉ፣ በእሳቸው ጩኸት። ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም፤ የሚሰማ ሰው ሰማዩ ላይ የለም።

አቶ አበጋዝ ሦስት ቀን ቻሉት። በአራተኛው ቀን ድምፃቸው ከሬዲዮው ሲጮህ የሚያማስሉትን ሽሮ ከእሳት አወረዱ። ዋርካ ሜዳንና ጨፌ ሜዳን ምን ያደርጓቸዋል፤ የቆርኬ ሜዳው ግን የእሳቸው ነው፣ በእሳቸው አፍ ደግሞ በዚህ መስመር ላይ ውሸት ተነግሮ አያውቅም። አዲሱን ባርኔጣቸውን ደፉ፤ በሣሩ መሀል ሄደው ማኮብኮቢያው ዳር ቆሙና አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አሳረፉ።

«አለሁ» አሉ።

አውሮፕላኑ በአጠገባቸው አልፎ ወረደ። ነፋሱ እስኪያልፍ ባርኔጣቸውን ይዘው ጠበቁ፤ ከዚያ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ወደ ቤት ገቡ። አሁን በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይወጣሉ።